የቀድሞ ዘመን ኦፕ አምፖች፤ የት ይገኛሉ? እውነተኛነታቸውስ በምን ይታወቃል?

(በሬዲዮ ከተሰጠው ሳምንታዊ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ አልፎ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ በመጨረሻ የሚረግጣት የኢትዮጵያ መሬት ገላፊ ናት። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በደወሌ በኩል የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ከሸክሙ ድርሻውን ቢወስድም፣ ገላፊ እስከ ዛሬ ከዋናዎቹ በሮች አንዷ ናት። በዚያ ቆሞ የጭነት መኪናውን ሰልፍ ለተመለከተ ሰው፣ በየኮንቴይነሩ ያለው ዕቃ ብረትና ጨርቅ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በየስታቢላይዘሩና በየድምፅ ማጉያው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ስሙ ሳይጠራ የሚገባ አንድ ትንሽ ጥቁር ዕቃ አለ። ስምንት ወይም ዐሥራ አራት እግር አለው፤ ስምንት እግር ያለው ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። ስሙ ኦፐሬሽናል አምፕሊፋየር ሲሆን፣ ሙያተኞች አሳጥረው ኦፕ አምፕ ይሉታል።

ስለዚህ ዕቃ፣ ይልቁንም ዕድሜው ስለ ገፋው ዐይነት ለመናገር ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። ከመሥሪያ ቤት መልስ፣ በማታ መብራት፣ የድምፅ ማጉያ ወይም የሙቀት መለኪያ ወይም የባትሪ መቆጣጠሪያ በገዛ እጃቸው መሥራት የሚወዱ ሰዎች በከተሞቻችን ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ሰዎች የሚከተሉት ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዐርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ከታተመ መጽሐፍ የተቀዳ ስለ ሆነ፣ ንድፉ የሚጠራው ቺፕም የዚያው ዘመን ነው። ፍለጋ ሲወጡም ሁለት ነገር ይገጥማቸዋል። አንደኛው ማጣት ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ግን ሳያገኙ ያገኙ መምሰል ነው።

እስቲ አስቀድመን ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኦፕ አምፕ ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ አለው። ሥራውም በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለውን የቮልት ልዩነት መዝኖ፣ ልዩነቱን እጅግ አብዝቶ በመውጫው ማውጣት ነው። 741 የተባለው ቺፕ ለምሳሌ ልዩነቱን ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያበዛዋል። ይህን ያህል ማብዛት ብቻውን ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው፤ የትም አያደርስም። ልጓሙ ከመውጫው ተነሥቶ ወደ አንደኛው መግቢያ የሚመለስ ሬዚስተር ነው። በመመለሻው ላይ 100 ኪሎ ኦም፣ በመግቢያው ላይ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ብናደርግ፣ ማጉያው አቅጣጫውን ገልብጦ ልክ ዐሥር ጊዜ ያጎላል። ቺፑ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ያብዛ ወይም መቶ ሺህ ጊዜ፣ ውጤቱን የሚወስኑት እነዚያ ሁለት ርካሽ ሬዚስተሮች ናቸው። ዕቃው በዓለም ሁሉ የተወደደው ስለዚህ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኦፐሬሽናል የሚለው ስም በ1947 የወጣለት፣ መደመርንና መቀነስን የመሰለውን የሒሳብ ሥራ በቮልት ለሚሠሩ የማስሊያ መኪናዎች ያገለግል ስለ ነበረ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፊልብሪክ ድርጅት ለገበያ ያወጣው ማጉያ በሁለት የመስተዋት ቫልቭ የተሠራ ሲሆን፣ ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች ሦስት ሦስት መቶ ቮልት ይፈልግ ነበር። በ1965 በፌርቻይልድ ኩባንያ ቦብ ዊድላር የተባለው መሐንዲስ 709 የተባለውን ቺፕ አወጣ። በ1968 ደግሞ በዚያው ኩባንያ ዴቭ ፉላጋር 741ን ሠራ። 709 እንዳይርገበገብ ከውጭ የሚጨመሩ ካፓሲተሮች ያስፈልጉት ነበር፤ 741 ግን 30 ፒኮ ፋራድ የሚሆነውን ካፓሲተር በሆዱ ይዞ መጣ። በዚህች ትንሽ ለውጥ ምክንያት መሐንዲስ ያልሆነ ሰውም ዕቃውን ሊጠቀምበት ቻለ።

እንግዲህ «የቀድሞ ዘመን ቺፕ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ማለታችን እንደ ሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ዕድሜው ቢገፋም ዛሬም ከፋብሪካ የሚወጣ ነው፤ 741፣ ኤልኤም 324፣ ኤልኤም 358፣ 4558፣ ቲኤል 072፣ ኤንኢ 5532 ሁሉ የሚመደቡት በዚህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በእርግጥ የቀረ ነው፤ 709ም ሆነ ለጊታር ድምፅ የሚፈለገው ኤልኤም 308 ዛሬ የሚገኙት ከተረፈ ክምችት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ፣ ዛሬም በአዲስ የሚሸጠውን ዕቃ «ጥንታዊ ነው» ተብሎ በውድ ይገዛል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቺፕ እንደ ጠጅ በመቆየት አይጣፍጥም። ልዩነት የሚኖረው የአንድን አሮጌ መሣሪያ ድምፅ እንደ ነበረ መመለስ ለሚሻ ሰው ነው፤ ለሌላው ዋናው ነገር ቁጥሩና ቺፑ መስማማታቸው ነው።

በሰመራ ለሥራ ጉዳይ በቆየሁባቸው ወራት ያየሁትን ላውጋችሁ። የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ለክራር የሚሆን ትንሽ ማጉያ መሥራት ጀምሮ ነበር። በክራሩ ገበቴ ላይ የምትለጠፈው ቀጭን የድምፅ መቀበያ፣ ፒዬዞ የምትባለው ዐይነት፣ ኀይሏ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ከእርሷ ምንም ያህል ጅረት የማይጠጣ መግቢያ ትፈልጋለች። ስለዚህ ንድፉ ቲኤል 072ን ጠራ፤ በመግቢያውም ላይ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር አኖረ። ልጁ ገንዘብ አጠራቅሞ በአንድ ነጋዴ በኩል ከውጭ ዐሥር ቺፖች አስመጣ። በላያቸው ላይ ቁጥሩ በነጭ ቀለም ደምቆ ተጽፏል። ሰክቶ ሞከረው፤ የክራሩ ድምፅ ተቆራርጦና ጎርንኖ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብየዳውን እየፈታ መልሶ በየደ፤ ሬዚስተሮቹን ሁሉ ለወጠ። ከዚያ በኋላ ለአባቱ «ይህ ሙያ የእኔ አይደለም» ብሎ ዕቃውን በካርቶን ከቶ ከአልጋ በታች አገባው።

ጥፋቱ ግን የልጁ አልነበረም። በመዝገብ ቤት የሠራችሁ አንባብያን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ደብዳቤ ማኅተም ስላለበት ብቻ እውነተኛ አይሆንም፤ ቁጥሩና ቀኑ ከመዝገቡ ጋር መመሳከር አለበት። በቺፕ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከማኅተም የበለጠ ነገር አይደለም። አንዳንድ ሻጮች ርካሹን ቺፕ ይገዙና ጀርባውን በአሸዋ ወረቀት ፍቀው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ የውዱን ቁጥር ይጽፉበታል። ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለውንም እግሩን በብየዳ እርሳስ አንጽተው አዲስ ነው ብለው ይሸጡታል። የተነቀለ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አዲስ መባሉ ነው።

ይህን ማጭበርበር በዐይን ለመያዝ የሚረዱ ምልክቶች አሉ። አንደኛው የቀን ቁጥር ነው። በቺፑ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት አኃዝ ይጻፋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የቀሩት ሁለቱ ሳምንቱን ያመለክታሉ። 7823 ማለት የ1978 ዓመት ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። 741 ሆኖ 6412 የሚል ቢሆን፣ ዕቃው ከመፈጠሩ አራት ዓመት በፊት ተሠራ ማለት ነውና ውሸት ነው። 8367 የሚልም እንዲሁ ነው፤ ስድሳ ሰባት ሳምንት ያለው ዓመት የለም። የኩባንያውም ስም ይመረመራል። ኤንኢ 5532ን በመጀመሪያ ያወጣው ሲግኔቲክስ የተባለው ድርጅት በ1975 በፊሊፕስ እጅ ገብቶ፣ ስሙም በ1990ዎቹ ዓመታት ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ በሲግኔቲክስ ምልክት 1512 የሚል ቀን ያለበት ቺፕ፣ ከሞተ ሰው የተላከ ደብዳቤ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ጀርባው ነው። በጥጥ ላይ ጥቂት አሴቶን፣ ካልተገኘም አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አድርጎ ጀርባውን ማሸት ነው። ጥጡ ቢጠቁርና ከሥሩ የተፋቀ ግራጫ ገጽ ቢታይ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው። ነገር ግን ጥጡ ነጭ ሆኖ ቢቀር ደስ አይበላችሁ፤ በጨረር የሚጽፉና በአሴቶን የማይለቅ ቀለም የሚቀቡም አሉ። የዐይን ምርመራ ሐሰተኛውን ይጥል ይሆናል እንጂ እውነተኛውን አያጸድቅም።

የሚያጸድቀው ኤሌክትሪክ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው የሬዲዮ ጠጋኞች ሁሉ የሚይዙት ቴስተር፣ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችና ጥቂት ሬዚስተሮች ናቸው። ሁለቱን ባትሪዎች በተከታታይ አያይዛችሁ መካከላቸውን ዜሮ ብላችሁ ሰይሙት። ሁለት ማጉያ በአንድነት ባለው ባለ ስምንት እግር ቺፕ ላይ አራተኛው እግር ወደ አሉታዊው፣ ስምንተኛው ወደ አዎንታዊው ይሄዳል። አንደኛው እግር መውጫ ስለ ሆነ ከሁለተኛው ጋር አገናኙት፤ ሦስተኛውን ከዜሮ ጋር አያይዙት። በሌላው ወገን ሰባተኛውን ከስድስተኛው፣ አምስተኛውን ከዜሮ አገናኙ። እንዲህ የታሰረ ማጉያ መግቢያው የነገረውን ብቻ በመውጫው ይደግማል፤ ስለዚህ አንደኛውም ሰባተኛውም እግር ከጥቂት ሚሊ ቮልት በቀር ዜሮ ማሳየት አለበት። ብዙ ቮልት ካሳየ ቺፑ ወይ ሞቷል ወይ ኦፕ አምፕ አይደለም።

ቀጥሎ ቴስተሩን በሚሊ አምፔር አድርጋችሁ በባትሪውና በስምንተኛው እግር መካከል አስገቡት፤ ቺፑ ሥራ ሳይሠራ ምን ያህል ጅረት እንደሚበላ ይነግራችኋል። ኤንኢ 5532 ብዙ የሚበላ ነው፤ ወደ 8 ሚሊ አምፔር ይጠጋል። ቲኤል 072 ወደ 3 ይጠጋል፤ 4558ም ከእርሱ እምብዛም አይርቅም። ኤልኤም 358 ግን አንድ ሚሊ አምፔር ቢሞላ ነው። 5532 ተብሎ የተሸጠ ቺፕ አንድ ሚሊ አምፔር ብቻ ቢበላ፣ በጀርባው ላይ የፈለገው ቢጻፍ 5532 አይደለም። ይህ መለኪያ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሐሰተኞቹ አብዛኛውን ይይዛል።

ሦስተኛው መለኪያ የመግቢያውን ጅረት ነው፤ የሰመራውን ልጅ ከጥፋተኝነት ያዳነውም ይኸው ነው። ሦስተኛው እግርና ዜሮው በቀጥታ ተገናኝተው የነበሩትን ለያይታችሁ፣ በመካከላቸው አንድ ሜጋ ኦም ሬዚስተር አግቡ። መግቢያው ጅረት የሚያሳልፍ ከሆነ በሬዚስተሩ ላይ ቮልት ይፈጠርና በመውጫው ይታያል። የቲኤል 072 መግቢያ የሚያሳልፈው ጅረት በቢሊዮንኛ አምፔር እንኳ ሲቆጠር ከአንድ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሬዚስተሩ ቢገባም ባይገባም ንባቡ አይለወጥም። 741 ግን 80 ሚሊ ቮልት ያህል፣ 358 ደግሞ እስከ 45 ሚሊ ቮልት ያህል ያሳያል፤ 5532 እስከ 200 ሊደርስ ይችላል።

በልጁ ቺፕ ላይ ይህን ስናደርግ ቴስተሩ ዐርባ ሚሊ ቮልት አነበበ፤ የሚበላውም ጅረት አንድ ሚሊ አምፔር አልሞላም። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠ። በአንድ ሜጋ ኦም ዐርባ ሚሊ ቮልት የሚፈጥር መግቢያ፣ በንድፉ ባለው 10 ሜጋ ኦም ላይ ዐራት መቶ ሚሊ ቮልት ይፈጥራል፤ ማጉያው ይህን ዐሥራ አንድ ጊዜ ሲያጎላው ከአራት ቮልት ያልፋል። ማጉያው ደግሞ የሚሠራው በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ስለ ሆነ ከመካከሉ ወደ ላይ ያለው ስፍራ አራት ቮልት ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ መውጫው ገና ክራሩ ሳይመታ ጣሪያ ነክቶ ቆሟል፤ ድምፁ የሚወዛወዝበት ቦታ አልቀረውም። ቺፖቹ በጀርባቸው 072 የተጻፈባቸው 358 ወይም የእርሱ ቢጤ ነበሩ። ብየዳው እንከን አልነበረበትም።

እንግዲህ እውነተኛው ከወዴት ይገኛል? እኔ አስቀድሜ የማመለክተው ወደ ሞተ መሣሪያ ነው። ፋብሪካ ማሽኑን ሲሠራ የገዛው ቺፕ ከመንደር ነጋዴ እጅ ሳይሆን በብዛት ከአምራቹ ወይም ከወኪሉ የተገዛ ነው፤ በመሣሪያው ውስጥም ለዓመታት ሠርቶ ራሱን አስመስክሯል። መሣሪያው የሞተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቺፑ ምክንያት አይደለም። በቆላው አገር በየቤቱ ከማቀዝቀዣ ጋር የሚቀመጠውን ስታቢላይዘር ተመልከቱ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ሪሌው ቀጭ ቀጭ እያለ ይሠራል፤ ከጊዜ በኋላ የሪሌው ምላስ ይቃጠላል ወይም የትራንስፎርመሩ ጥምጥም ይነድዳል፤ ባለቤቱም ለቁራሌው በብረት ዋጋ ይሸጠዋል። በቦርዱ ላይ ግን አራት ማጉያ በአንድነት የያዘው፣ ዐሥራ አራት እግር ያለው ኤልኤም 324 ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል።

ለድምፅ ሥራ የሚሆነው ደግሞ የሚፈለገው በአሮጌ ሞንታርቦ፣ በድምፅ መቀላቀያ ሚክሰርና በካሴት ቴፕ ውስጥ ነው። በእነዚህ የድምፅ ማስተካከያ ክፍል ውስጥ 4558ና ቲኤል 072 አዘውትረው ይገኛሉ፤ በተሻሉት ሚክሰሮች 5532ም አለ። በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ለሚመላለስ ሰው የሞተ ሚክሰር ማግኘት ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። በአዋሽም ሆነ በሰመራ ያሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ከሱቃቸው በስተኋላ የሚያከማቹት የቦርድ ክምር አላቸው፤ በትሕትና ለጠየቃቸው ደስ ብሏቸው ያስፈትሻሉ። ከቦርዱ ላይ ሲመረጥ ግን የብየዳውን መልክ ማየት ይገባል። የሌሎቹ እግሮች ብየዳ አንድ ወጥ ሆኖ የአንዱ ቺፕ ብቻ ጎልቶ የሚያበራ ከሆነ፣ ያ ቺፕ በኋላ የተተካ ነውና ታሪኩ አይታወቅም።

አንድ ማሳሳቻ አለ። በአሮጌ የኮምፒዩተር የኀይል ሣጥንና በዩፒኤስ ውስጥ ኤልኤም 339ና ኤልኤም 393 የተባሉ ቺፖች ይበዛሉ። እነዚህ ማወዳደሪያዎች እንጂ ማጉያዎች አይደሉም፤ ከሁለቱ መግቢያ የትኛው እንደሚበልጥ ተናግረው ዝም የሚሉ ናቸው። በተለይ 393 እግሩ ሁሉ ከ358 ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ በ358 ስፍራ ሲሰካ ይገባል፤ ነገር ግን መውጫው ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። በመልክ ወንድማማች በግብር ባዳ ናቸው።

ስለ አደጋውም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ዩፒኤስና የኮምፒዩተር የኀይል ሣጥን ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም በትልልቆቹ ካፓሲተሮቻቸው ውስጥ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ሊያቆዩ ይችላሉ፤ ይህም ሰው ይገድላል። ነቅሎ መቆየት፣ ከዚያም በትልቅ ሬዚስተር አማካይነት ማራገፍ፣ በቴስተርም ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በካቻቢቴ ማገናኘት የጀብደኛ ሥራ ነው። ቦርዱን በከሰል ምድጃ ላይ አግሎ ማራገፍም፣ ወይም ለመዳቡ ብሎ ሽቦ ማቃጠል፣ ጭሱ የእርሳስና የፕላስቲክ መርዝ ስለ ሆነ ከልጆች ሳንባ ይገባል። ቺፑን ለመንቀል በየእግሩ ላይ ጥቂት አዲስ የብየዳ እርሳስ ጨምሮ ማቅለጥና በመምጠጫ መሳብ ይበቃል። አንዱ እግር እምቢ ቢል ቺፑን ማግለል ትቶ፣ አቀዝቅዞ እንደገና መሞከር ነው። በአዲሱም ሥራ ላይ ቺፑን በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ መሰኪያ ሶኬት በይዶ በእርሱ ላይ መሰካት ይሻላል።

ከውጭ ማስመጣት ግድ ሲሆን፣ ዛሬም ለሚመረተው ዐይነት «አሮጌ ክምችት» የሚለውን ሻጭ ትቶ፣ አምራቹ በወኪልነት ከሚያውቃቸው ነጋዴዎች አዲሱን ማዘዝ ነው። አንድ ባለ ስምንት እግር ቺፕ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም፤ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ለሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሸክም አይሆንም። ለቀሩትም ዐይነቶች ቢሆን ሕጋዊ መንገድ አለ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ሮቸስተር ኤሌክትሮኒክስ ከ1981 ጀምሮ፣ ፋብሪካዎች ማምረት ያቆሙትን ቺፕ በአምራቾቹ ፈቃድ ሲያከማችና ሲሸጥ ቆይቷል። ዋጋው ይበልጣል፤ የሰመራው ልጅ በሦስት ሳምንት ያጣው ግን ከዚያ የበለጠ ነው።

ከዚህም ሁሉ በፊት፣ አሮጌው ቺፕ በእርግጥ ያስፈልግ እንደ ሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው። በ709 የተሠራ ንድፍ በ741 ሊሠራ ይችላል፤ በአንደኛው፣ በአምስተኛውና በስምንተኛው እግር ላይ የነበሩትን የማረጋጊያ ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ማውጣት ብቻ ነው። በ741 ስፍራ ቲኤል 071 ይገባል፤ ለድምፅ ሥራም ይሻላል። ምክንያቱም 741 በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ግማሽ ቮልት ብቻ ስለሚራመድ፣ ዐሥር ቮልት ከፍታ ያለውን ድምፅ ከ8 ሺህ ኸርትዝ በላይ በንጹሕ ማድረስ አይሆንለትም፤ ቲኤል 071 ግን በዚያው ጊዜ ወደ 13 ቮልት ይራመዳል። ለጥንቃቄ መለኪያ ተብሎ በ741 ስፍራ ኦፒ 07 ሲገባ ደግሞ፣ የዜሮ ማስተካከያው ተለዋዋጭ ሬዚስተር መካከለኛ እግር ከአሉታዊው ተነቅሎ ወደ አዎንታዊው መዛወር አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ቺፑን ያማርራል።

ለአፋር ቆላ አንድ ነገር ልጨምር። ተራው 741 የተፈቀደለት ሙቀት ከዜሮ እስከ 70 ዲግሪ ሲሆን፣ ለጦር ሠራዊት ሥራ የሚመረጠው ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ ይችላል። ከገላፊ በስተሰሜን ርቆ የሚገኘው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ያልፍ ነበር። በሰመራም በበጋው ጥላ ሥር 40 ዲግሪ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በፀሐይ ላይ የተቀመጠ የተዘጋ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጡ 70 ሊደርስ ይችላል። ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ የተራውን ቺፕ ጀርባ ፍቀው የጦር ሠራዊቱን ቁጥር ይጽፉበታል። ይህን ማጭበርበር ቴስተር አይይዘውም፤ ቺፑ በቀዝቃዛ ቤት ውስጥ በደንብ ይሠራልና። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ ሰው በጽሑፉ ከመታመን ይልቅ ሣጥኑን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ከላይና ከታች ቀዳዳ አውጥቶ በጥላ ቢያኖረው ይሻለዋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በሎግያ ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ ከሞተ ሚክሰር ላይ ሁለት ቲኤል 072 ነቀልን። በሜጋ ኦሙ መለኪያ ንባባቸው አልተነቃነቀም፤ አንዱን በሶኬቱ ላይ ሰክቶ ክራሩን ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። የቀሩትን ዐሥር ሐሰተኛ ቺፖች ግን አልጣላቸውም። የተቀባውን ቁጥር በአሴቶን አጥቦ፣ በየጀርባቸው በራሱ እጅ 358 ብሎ ጻፈባቸው፤ በትንሽ ካርቶን ውስጥም በብርማ ወረቀት ላይ ሰክቶ አስቀመጣቸው። አንዱ ከዚያ ወጥቶ በእናቱ ሱቅ ውስጥ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ8 ዲግሪ ሲያልፍ ቀይ መብራት የሚያበራ ሆኗል፤ ለዚህ ሥራ 358 ይበቃል።